ሽሮው ያረረበት ሥዕል፦ ቅርጽ እየደጋገሙ ሲሥሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ዓርብ ማታ ሽሮ ጣድኩ። እስኪንተከተክ ምን ልሥራ ብዬ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ወረቀት ሳብ አደረግኩና ክብ መሥራት ጀመርኩ። ትንንሽ ክቦች። አንዱ ካንዱ ተጣብቆ፣ ረድፍ በረድፍ። ትንሽ ቆይቶ የሚያርር ነገር ሸተተኝ። ጎረቤት ወጥ አሳርሯል ብዬ አዘንኩለት። ከዚያ ሦስት ክብ ጨመርኩ። አራተኛውን ስጀምር ነው ጎረቤቱ እኔው መሆኔ የገባኝ።

ሰዓቱን ሳይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከሩብ ነው። ስቀመጥ ገና 2 ሰዓት ተኩል እንኳን አልሞላም ነበር። በኔ ግምት ቢበዛ አሥር ደቂቃ ነው የሄደው።

እንዲህ ያለ ሥዕል የሞከረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሰው የለበት፣ ቤት የለበት፣ ዛፍ የለበት። አንድ ቅርጽ ትይዛላችሁ፤ ክብ ይሁን፣ ሦስት ማዕዘን ይሁን፣ የዓሣ ቅርፊት የመሰለ ግማሽ ክብ ይሁን። እሱኑ ትደጋግማላችሁ። ወረቀቱ ሲሞላ ያላሰባችሁት ነገር ይወጣል፤ ሞገድ፣ ማዕበል፣ የታረሰ ማሳ የሚመስል። ሙሉ ሐሳባችሁ የሚቀጥለው ቅርጽ ላይ ስለሆነ ሰዓት የሚቆጥር ትርፍ ሐሳብ አይኖራችሁም። ሰዓቱ የሚጠፋው ለዚህ ነው።

ሰዓት መርሳቱ ራሱ ስህተት አይደለም። እንዲያውም የምንቀመጠው ለሱ ነው። ጣጣው ያለው አገባቡና አወጣጡ ላይ ነው። እኔ የሠራኋቸውን ስህተቶች እነሆ፤ የቅርቡ ድስቱ ላይ እስካሁን ይታያል።

1. ጊዜን በስልክ ደወል መገደብ

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚመክራችሁ ይህንን ነው። «አላርም ሙሉበት።» ሞልቻለሁ። ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ፣ ደወል እንደሚመጣ ስለምታውቁ ስንት ደቂቃ ቀረኝ እያላችሁ ስልኩን ታያላችሁ። እንዲህ ሆኖ ሐሳብ አይሰበሰብም። ሁለተኛ፣ ሲደወል ያላለቀ ረድፍ መሀል ላይ ናችሁ። «ይቺን ብቻ» ትላላችሁ። አንድ ጊዜ ደወሉን በገዛ እጄ አጥፍቼ፣ በኋላ ስልኩን ስመለከት መቼ እንዳጠፋሁት ማስታወስ አቃተኝ።

መፍትሔውን ያገኘሁት ከአክስቴ ነው። እሷ ሥዕል አትሥልም፤ ስፌት ትሰፋለች። ከቡና በኋላ በር ላይ ትቀመጣለች። አክርማውና ስንደዶው እንዳይሰበር ውሃ ውስጥ ተነክሯል፣ ቀለም የገባው ለብቻው፣ ነጩ ለብቻው ታስሯል። በወስፌ ትወጋለች፣ ትስባለች፣ ታጠብቃለች። ትወጋለች፣ ትስባለች፣ ታጠብቃለች። የምትሠራው ከኛ ክብና ሦስት ማዕዘን በምንም አይለይም። ያው አንድ ቅርጽ ነው፤ በዙር እየተደጋገመ ሰፍቶ ሰፍቶ ሰፌድ ወይም መሶብ የሚሆን። ሰዓት አስራ አታውቅም። ግን አንድም ቀን እራት ሲያርርባት አላየሁም።

አንድ ቀን መቼ እንደምታቆም ጠየቅኳት። «ያራስኩት ሲያልቅ ነዋ» አለችኝ። እንዲህ ያለ ቀላል ነገር የሚጠየቅ አይመስላትም።

እኔም ነገሩን ወደ ወረቀት አዞርኩት። አሁን ደወል አልሞላም፤ ወረቀት እቆርጣለሁ። አንድ ኤ ፎር ወረቀት አራት ቦታ ሲቆረጥ እያንዳንዱ ቁራጭ አሥር ተኩል በአሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በአምስት ሚሊ ሜትር ክብ ብትሞሉት 600 ያህል ክብ ይይዛል። አንዱ ክብ አምስት ሰከንድ ቢፈጅ 50 ደቂቃ ነው። ሙሉው ኤ ፎር ደግሞ ከሦስት ሰዓት በላይ። ስለዚህ ወረቀቱን ስትመርጡ ሰዓቱን መምረጣችሁ ነው። እራት ከመድረሱ በፊት ከሆነ ግማሿ ቁራጭ ትበቃለች። ቅዳሜ ከሰዓት ከሆነ ሙሉውን አምጡት። ሌሎቹን ቁራጮች ሌላ ክፍል አስቀምጡ። ይሄ ቀልድ አይደለም። አጠገባችሁ ካለ ትቀጥላላችሁ።

2. እሳት ላይ የተጣደ ነገር እያለ መቀመጥ

ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም። ድስት፣ ውሃ የሚሞላ በርሜል፣ ከትምህርት ቤት የሚመጣ ልጅ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

3. ሕግ ሳያወጡ መጀመር

«ነፃ ሥዕል ነው፣ እንዳሻኝ ልሂድ» ብሎ መጀመር ደስ ይላል። ለአምስት ደቂቃ። ከዚያ እጃችሁ ይቆማል። ክብ ልጨምር? ትልቅ ይሁን ትንሽ? እዚህ ልድፈነው? እያንዳንዱ ጥያቄ ከሥዕሉ ያስወጣችኋል፤ ዓይናችሁም ሰዓት ላይ ያርፋል።

ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነበር፤ ትውልዱ ከሃንጋሪ ወገን፣ ሥራው አሜሪካ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቺካጎ ውስጥ የሥዕል ተማሪዎችን ሲከታተል አንድ ነገር ገረመው። ሥዕሉ ሲሳካላቸው ረሃብም ድካምም ይረሳሉ። ሲጨርሱ ግን ሥዕሉን ግድግዳ አስደግፈው ወደ ሌላ ይሄዳሉ። የፈለጉት መሥራቱን ነው እንጂ የተሠራውን አይደለም። በኋላ ይህን ሁኔታ «ፍሰት» ብሎ ጠራው። ሰው እዚያ ውስጥ የሚገባው ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ግልጽ ሲሆንለት፣ ልክ መሥራት አለመሥራቱን ወዲያው ሲያይ፣ ሥራውም ከችሎታው ብዙ ሳይከብድ ብዙም ሳይቀል ሲቀር ነው ይላል።

ይህ እኛ አገር የብራና ጸሐፊዎች ጋ ቀድሞ የነበረ ነገር ይመስለኛል። በብራና መጻሕፍት ገጽ ራስጌ ላይ የሚሣለውን ሐረግ ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በ15ኛው መቶ ዘመን ትልቅ ደረጃ ደርሶ ነበር፤ ትግራይ ያለው የጉንዳ ጉንዴ ገዳም መጻሕፍት በተለይ በሐረጋቸው ይታወቃሉ። ሪባን የመሰለ መስመር እርስ በርሱ ይጠላለፋል፣ ይታጠፋል፣ ተመልሶ ይመጣል። ሲያዩት ያዞራል። ሕጉ ግን አንዲት ናት፤ አንዴ ከላይ ያለፈ ቀጥሎ ከታች ያልፋል።

ከአንድ ፎቶ ላይ ልገለብጥ ሞከርኩ። ሦስተኛው መገናኛ ላይ ሐሳቤ ወደ ሌላ ሄደ፤ ሁለት ጊዜ ተከታትዬ ከላይ አሳለፍኩት። ወዲያው ታየኝ። ሥዕሉ ልክ እንደ ተፈታ ጉንጉን ላላ አለ። ማንም ሳይናገረኝ ሥዕሉ ራሱ ነገረኝ። ጥሩ ሕግ እንዲህ ነው፤ አጭር፣ ስትስቱት የሚያጋልጣችሁ።

ስለዚህ ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት ወረቀቱ ጀርባ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «ክቦቹ ይነካካሉ፣ አይደራረቡም።» «እያንዳንዱ ረድፍ ካለፈው ትንሽ ያንሳል።» በቃ። ሁለት ሕግ ካወጣችሁ በዝቷል።

4. ላጲስና ማስመሪያ አጠገብ ማስቀመጥ

ላጲስ ካለ ትጠቀሙበታላችሁ። ከተጠቀማችሁ ደግሞ ዓይናችሁ ከሚቀጥለው ቅርጽ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የሠራችሁትን ስትለቅሙ ትውላላችሁ። እኔ በእስክሪብቶ ነው የምሥለው። ተራ ሰማያዊ ቢክም ይሆናል፤ ጫፉ ቀጭን የሆነ ጥቁር ብዕር ካገኛችሁ ይመረጣል።

ጠማማው ቅርጽ ምን ይሆናል? አንዱን ላሳያችሁ። የዓሣ ቅርፊት እየሠራሁ ነበር፤ ግማሽ ክብ በግማሽ ክብ ላይ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሰባተኛዋ አበጠችብኝ፣ የጎረቤቶቿን እጥፍ ሆነች። ሦስተኛው ረድፍ እዚያ ሲደርስ ከፍ ብሎ ማለፍ ነበረበት። አራተኛው የባሰ ከፍ አለ። አሥረኛው ረድፍ ላይ እዚያ ቦታ ኮረብታ ቆሞ ነበር። ቤት የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እጁን የሚቀስረው ወደዚያ ኮረብታ ነው። ላጲስ ቢኖረኝ ኖሮ ጠፍጣፋ ሜዳ ነበር የሚቀረኝ።

5. ሲሰለቹ ቅርጽ መቀየር

መጀመሪያ ላይ መሰልቸት አለ። እኔ ዘንድ ሁለተኛውና ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይመጣል። «ይሄ ምን ይረባል» የሚል ስሜት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ክቡን ትቶ ኮከብ ይጀምራል፣ ኮከቡን ትቶ ቅጠል። ወረቀቱ መጨረሻ ላይ የጥልፍ ቤት ናሙና ይመስላል፤ ሠሪውም ሰዓቱን አልረሳም፣ ሥዕልም አልሠራም። እስከ አምስተኛው ረድፍ ታገሡ። እጅ ቅርጹን የሚለምደው እዚያ አካባቢ ነው። ከለመደው በኋላ እናንተ አትገፉትም፣ እሱ ይወስዳችኋል። አምስተኛው ላይም ከታከታችሁ ቅርጹ ለናንተ አይደለም፤ ጣሉትና ሌላ ቁራጭ ውሰዱ።

6. አካልን መርሳት

ሰዓት ሲረሳ አንገትም ይረሳል። ብዕሩን አንቆ መያዝ፣ ትከሻን ወደ ጆሮ መስቀል፣ መስመር ሲሰመር ትንፋሽ መያዝ፣ ዓይን ሳያርገበግቡ መቆየት። ስትነሱ ነው የሚታወቃችሁ። የዓይን ባለሙያዎች በየ20 ደቂቃው ስድስት ሜትር ያህል ርቆ ያለ ነገር ለ20 ሰከንድ ተመልከቱ ይላሉ። ጥሩ ምክር ነው፤ ግን 20 ደቂቃውን ማን ይቆጥራል? ሰዓቱን ረስተናላ። እኔ በረድፍ ቀይሬዋለሁ። ረድፍ ባለቀ ቁጥር ብዕሩን አስቀምጣለሁ፣ ጣቶቼን እዘረጋለሁ፣ በመስኮት ፊት ለፊት ያለውን ሕንፃ ሮቶ አያለሁ። ጥቁር ሮቶ ነው፤ ምንም የሚያምር ነገር የለውም። ዓይን ግን ያርፍበታል።

7. ሰዓት የጠፋበት ሁሉ ዕረፍት ነው ብሎ ማሰብ

ይህኛውን ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል።

ያዮይ ኩሳማን በነጠብጣቦቿ ታውቋት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1929 የተወለደች ጃፓናዊት ሠዓሊ ናት። በ1958 ኒው ዮርክ ገባች፤ እዚያም ትልልቅ ሸራዎችን በትንንሽ ቅስቶች እየሞላች መረብ የሚመስል ሥዕል ትሠራ ጀመር። ያው አንድ የእጅ እንቅስቃሴ ነው፣ ሺህ ጊዜ የተደገመ። ግን ለመዝናናት አልነበረም። ከልጅነቷ ጀምሮ ሌላ ሰው የማያየው ነገር እየታያት ትሠቃይ ነበር፤ መደጋገሙ ከዚያ ጋር የምትታገልበት መንገድ እንደሆነ ራሷ ተናግራለች። ከ1977 ጀምሮ በገዛ ፈቃዷ ቶኪዮ በሚገኝ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ትኖራለች፤ በአቅራቢያው ካለው ስቱዲዮዋም ሥራዋን ቀጥላለች።

እኔን ከእሷ ጋር ማወዳደሬ አይደለም። ግን አንድ ሰሞን ልደውልለት የሚገባኝ ሰው ነበረ፤ ዕዳ አለብኝ፣ የምለውም የለኝም። ማታ ማታ ስልኩን ሳየው እጄ ወደ ወረቀቱ ይሄዳል። በዚያ ሳምንት አራት ቁራጭ ሞላሁ። አንዳንዴ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት። ጊዜው ይጠፋል፣ ልክ እንደ ሌላው ቀን። ስነሳ ግን ከመቀመጤ በፊት ከነበርኩት የባሰ ደክሞኛል። ሥዕሎቹንም አሁን ሳያቸው የትኛውን መቼ እንደሠራሁ አላውቅም። ደህና ቀን የሠራሁትን ግን አስታውሳለሁ፤ ይቺ ጋ ዝናብ ጀመረ፣ ይቺ ጋ መብራት ጠፋ እያልኩ።

ልዩነቱን የምለየው እንዲህ ነው። ስነሳ ቢያንስ አንድ ቅርጽ ለይቼ ማስታወስ ከቻልኩ ሠርቻለሁ። ካልቻልኩ ተደብቄ ነበር። በማግስቱ ቁራጭ ከመቁረጤ በፊት ስልኩን አነሳለሁ። ያን ሰው በመጨረሻ ደወልኩለት። ወሬው ሰባት ደቂቃ አልፈጀም።

8. ባዶ ቦታ ሁሉ ካልሞላ አላለቀም ማለት

ሕጋችሁ ሙሉ ይሁን ካላለ፣ አይሁን። ረድፉ ካለቀና እጃችሁ ከዛለ ተዉት። የቀረው ነጭ ቦታ ለዓይን መተንፈሻ ነው። ጀርባው ላይ ቀኑን ጻፉበት፤ በኋላ ታመሰግኑኛላችሁ።

የዓርቡን ሥዕል ግድግዳ ላይ ሰቅየዋለሁ። ታችኛው ረድፍ ላይ፣ በስተቀኝ፣ ጎረቤቴን እያዘንኩለት የሠራኋቸው ሦስት ክቦች አሉ። ከነሱ ቀጥሎ ያላለቀ አራተኛ። እህቴ እሁድ መጥታ ትንሽ ቆማ አየችው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች፣ ያላለቀችውን በጣቷ እየነካች።

«ሽሮ» አልኳት።