ያልበላነውን ቆጥረን ለተቸገረ ቤት የምናደርሰው እንዲህ ነው

ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንድ ሰንበቴ ጸሐፊ ነኝ። ጾም ሲገባ ቅቤው፣ እንቁላሉ፣ ሥጋው ከቤታችን ይቀራል። ብሩስ የት ይገባል? ይህን ጥያቄ ልቤ ውስጥ የከተተው ሄርማስ ነው። በ2ኛው መቶ ዘመን ሮም የኖረ ክርስቲያን ነው፤ መጽሐፉ በግዕዝ ተተርጉሞ እኛም አገር ደርሷል። በጾም ቀን ከዳቦና ከውኃ በቀር ምንም አትቅመስ፣ ልትበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስበህ ለመበለት፣ ለሙት ልጅ ወይም ላጣ ሰው ስጥ ይላል።

እኛ የጀመርነው በስድስት ቤት ነው፤ እናንተም በትንሹ ጀምሩ። ባለቤቴ በፍስክ ለአንድ ወጥ ሁለት ማንኪያ ቅቤ ትጨምራለች። ረቡዕና ዓርብ የዚያን ቅቤ ዋጋ እዚያው ማታውኑ ክዳኑን በቀደድነው የወተት ቆርቆሮ እንከታለን። ለወር መጨረሻ ካላችሁ ብሩ ሳታውቁት ያልቃል። ቆርቆሮው የሚከፈተው እሁድ ነው። ጳውሎስም የቆሮንቶስን ሰዎች በየሳምንቱ መጀመሪያ ቀን አስቀምጡ ብሏቸዋል።

ከባዱ ማከፋፈሉ ነው። በሐዋርያት ዘመን ኢየሩሳሌም ውስጥ የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በየዕለቱ ዕደላ ተረሱና ማጉረምረም ተነሳ። ሰባት ሰዎች ተመረጡ። እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ እያላችሁ ስማቸውን እዩት፤ የሰባቱም የግሪክ ስም ነው። ቅር ካላቸው ወገን የተመረጡ ይመስለኛል፤ ይህን ሳስብ ልቤ ይነካል። ከተማችን ተፈናቅለው የመጡ ብዙ እናቶች ዕድር የላቸውም፣ የማንም መዝገብ ላይ የሉም። ስለዚህ ከእነሱው አንዷን አከፋፋይ አደረግን። የማን ቤት ምድጃ ሳይነድ እንደዋለ እሷ ታውቃለች።

የተረጂዎችን ስም በጉባኤ አታንብቡ። እኔ አንብቤ ነበር። አንዲት እናት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው፣ ጠላ ሳይቀዳላቸው ወጡ። ሁለት እሁድ ቀሩ። ቤታቸው ሄጄ እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኩ። አሁን የሚነበበው የገባውና የወጣው ብር ድምር ብቻ ነው።

የገብስ ዱቄት፣ ሽሮና ዘይት ያዙ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ከሰልም ጨምሩ። ሲመሽ፣ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። ዕቃውን በር ላይ አስቀምጣችሁ እንዳትመለሱ። ቡና ካፈሉላችሁ እስከ በረካው ተቀመጡ።