የሞለኪውል ቅርጽ ስትሠሩ የሚያሳስቷችሁ ነገሮች

ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሁለቱም ሦስት ሦስት አቶም አላቸው። ታዲያ አንዱ ቀጥ ብሎ ሌላው ለምን ታጠፈ? ይህን በደንብ የመለሰ ተማሪ የቅርጽ ጥያቄ ብዙም አያስቸግረውም። ሳስጠና ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ትልቁ ሎን ፔርን፣ ማለትም ቦንድ (የአቶሞች ማያያዣ) ውስጥ ያልገባን የኤሌክትሮን ጥንድ፣ መርሳት ነው። ኦክስጅን ስድስት የውጭ ኤሌክትሮን አለው። ሁለቱን ከሃይድሮጅኖቹ ጋር ለመያያዝ ያውላቸዋል። አራቱ ይቀራሉ፤ ሁለት ሎን ፔር ማለት ነው። ስንስል እንዘላቸዋለን እንጂ ቦታ ይይዛሉ፤ ቦንዶቹን ገፍተው ያቀራርቧቸዋል። ስለዚህ ውሃ ቤንት (የታጠፈ) ነው፣ በቦንዶቹ መካከል ያለው አንግልም 104.5 ዲግሪ። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ካርቦን ግን አራቱንም ኤሌክትሮን ቦንድ ላይ ጨርሷል። የሚገፋ ትርፍ ስለሌለ ኦክስጅኖቹ ግራና ቀኝ ተራርቀው 180 ይሠራሉ። ኦክስጅኖቹ የራሳቸው ሎን ፔር አላቸው፤ እሱን እንዳትቆጥሩ። የምንቆጥረው መሃል ያለውን አቶም ዙሪያ ብቻ ነው። ካርቦኑን ከእያንዳንዱ ኦክስጅን ጋር የሚያያይዘውን ዳብል (ድርብ) ቦንድም ሁለት አትበሉት። ለቅርጽ ሲባል ዳብልም ትሪፕልም እንደ አንድ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ወረቀቱን ማመን ነው። ሚቴንን (አንድ ካርቦን ከአራት ሃይድሮጅን ጋር) ደብተር ላይ እንደ መስቀል እንስለዋለን፤ ከዚያ አንግሉን 90 ብሎ የሚጽፍ አይጠፋም። እስቲ አራት ፊኛ እኩል ንፉና አንገታቸውን አንድ ላይ እሰሩ። ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጧቸው ሦስቱ እንደ ጉልቻ ከታች ይቆማሉ፣ አራተኛው ሽቅብ ያያል። ማንም ሳያስተካክላቸው ነው እንዲህ የሚሆኑት፤ አራት ነገር በጣም ተራርቆ መቀመጥ የሚችለው በዚህ ብቻ ነው። ቴትራሄድራል ይሄ ነው፤ 109.5 ዲግሪ።

ስሙ ላይም ብዙዎች ይሳሳታሉ። አሞኒያም (አንድ ናይትሮጅን ከሦስት ሃይድሮጅን ጋር) መሃሉ ላይ አራት የኤሌክትሮን ጥንድ አለው፣ አንዱ ግን ሎን ፔር ነው። ስም የሚወጣው በአቶሞቹ አቀማመጥ ስለሆነ ትራይጎናል ፒራሚዳል (ባለ ሦስት ማዕዘን መሠረት ፒራሚድ) እንጂ ቴትራሄድራል አይባልም። አንግሉ ወደ 107 ዝቅ ይላል።

«ለአንድ ሎን ፔር ከ109.5 ላይ 2.5 ቀንስ» የምትለዋን ዘዴ ሁሉም ያውቃታል። ለአሞኒያና ለውሃ ትሠራለች። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ላይ ስትደርሱ ግን ጉድ ትሠራችኋለች። እንደ ውሃ ሁለት ቦንድና ሁለት ሎን ፔር አለው፤ አንግሉ ግን 92 አካባቢ ነው። ሰልፈር ትልቅ አቶም ነው፣ ኤሌክትሮን የመሳብ ኃይሉም ከኦክስጅን ያንሳል። የቦንዶቹ ኤሌክትሮኖች ከመሃል ራቅ ስለሚሉ እርስ በርስ ብዙም አይገፋፉም። ስለዚህ የተለካውን ቁጥር ካላወቃችሁ «ከ109.5 ያነሰ» ብላችሁ ጻፉ፤ ትክክል ነው።

«ሎን ፔር ካለ ይታጠፋል» ብላችሁም እንዳትደመድሙ። ዜኖን ዳይፍሎራይድ ሦስት ሎን ፔር አለው። ሦስቱም እንደ መቀነት ወገቡን ይከቡታል። ፍሎሪኖቹ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ይሆኑና አንግሉ ልክ 180 ይመጣል።