ለልማት ትነሳላችሁ ሲባል፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ተቃውሞ እንዴት ይቀርባል?

መጀመሪያ መሬቱ በየትኛው አስተዳደር ሥር እንዳለ አረጋግጡ። ከ2014ቱ የወሰን ማካለል ወዲህ አስተዳደር የቀየሩ ሰፈሮች አሉ፤ ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታም ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። አቤቱታ የተሳሳተ ቢሮ ገብቶ አንድ ወር ከተኛ በኋላ «እኛን አይመለከትም» ተብሎ ሲመለስ የይግባኙ ቀን አልፎ ይገኛል። ወደ ሸገር ከተማ የሚሄደውን ማመልከቻ በሥራ ቋንቋው፣ በአፋን ኦሮሞ አስጽፉት።

ቀጥሎ ጥያቄያችሁን ለዩ። «ግንባታው እዚህ መምጣት የለበትም» እና «ካሳው አነሰ» ሁለት የተለያዩ ክርክሮች ናቸው። በአንድ ወረቀት ከተቀላቀሉ መልስ የሚያገኘው የገንዘቡ ጥያቄ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ደብዳቤ ይጻፍ፤ የመጀመሪያው ለካሳ ንብረት የሚቆጥሩት ሰዎች ግቢ ከመርገጣቸው በፊት ይግባ። ካሳ ከተቀበሉ በኋላ ግንባታውን መቃወም እጅግ ይከብዳል።

ከቆጠራው በፊት

የመሬት ማስለቀቅና የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ባለይዞታዎች መሬታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነትና ጥቅም ምክክር እንዲደረግላቸው ያዛል፤ መሬቱ ለኢንቨስትመንት በአስቸኳይ ሲፈለግ ጊዜው ሊያጥር ይችላል። መልሶ በሚለማ አካባቢ ያለ ባለይዞታም በፕላኑ መሠረት በግል ወይም በቡድን ራሱ የማልማት ቅድሚያ አለው። የሚመጣው አፓርታማና የገበያ ማዕከል ከሆነ ይህን መብት በግልጽ ጠይቁ፤ ብዙ ሰው ሳያነሳው ያልፋል። አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 1336 ስለተሻሻለ ሁለቱን ጎን ለጎን አንብቡ።

ወረዳው ስብሰባ ሲጠራ ቅሩ አንልም፣ ሂዱ። ግን የመገኘት ፊርማ በኋላ የስምምነት ፊርማ ተደርጎ ሊቀርብ ይችላል። ርዕስ በሌለው ወረቀት ላይ አትፈርሙ፤ ከስማችሁ አጠገብ «ተገኝቻለሁ፣ አልተስማማሁም» ብላችሁ ጻፉ።

የጋራ አቤቱታ ስታዘጋጁ የአቤቱታው ርዕስና ቀን በእያንዳንዱ የፊርማ ገጽ አናት ላይ ይደገም። አለበለዚያ «ፊርማው ከሌላ ጉዳይ የመጣ ነው» የሚል ክርክር ይነሳል። ስም፣ የይዞታው ዓይነት፣ ስልክና ፊርማ ይሙላ፤ ባልና ሚስት ለየብቻ ይፈርሙ። ለመዝገብ ቤት ስትሰጡ ቀሪው ላይ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር አስደርጉ። አንቀበልም ካሉ በሪኮማንዴ ፖስታ ልካችሁ ደረሰኙን ያዙ።

በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ሦስት ሰነዶችን በጽሑፍ ጠይቁ፦ ቦታው ለሕዝብ ጥቅም እንዲውል የተወሰነበትን ውሳኔ፣ የመሬት አጠቃቀም ፕላኑንና የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሪፖርቱን። መልስ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት፤ ከተከለከላችሁ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ሂዱ።

ሪፖርቱ ጠንካራ መሣሪያ ነው። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ሪፖርቱ ለሕዝብ ተደራሽ እንዲሆን፣ የተጎጂው ማኅበረሰብ አስተያየትም እንዲካተትበት ያዛል። «ይበክለናል» ማለት ግን አይበቃም። የቤቶቹ ፍሳሽ ወዴት እንደሚወርድ፣ ማጣሪያ መታቀዱን፣ ከብት የሚጠጣበት ምንጭ ከግንባታው ስንት ሜትር እንደሚርቅ፣ በክረምት ጎርፍ የሚሄድበት ቦይ ይደፈን እንደሆነ አንድ በአንድ ለክታችሁ ጻፉ። በሪፖርቱ መነሻነት ለፕሮጀክቱ በተሰጠው ፈቃድ ካልረካችሁ ቅሬታ ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ይቀርባል፤ ውሳኔው በ30 ቀን ውስጥ ነው። ብክለት ከተነሳ በአዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው፣ ማመልከት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልመጣ ወይም ውሳኔው ካላረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መክሰስ ይቻላል።

ቆጠራው ሲመጣ

አትሸሹ፤ በሌላችሁበት የተቆጠረ ንብረት ሲጎድል ማስተባበሉ አስቸጋሪ ነው። ቀደም ባለው ቀን ቤቱን፣ አጥሩን፣ የውኃ ጉድጓዱን፣ የከብት በረቱን፣ መጸዳጃውን በስልካችሁ አንሱ። ባህር ዛፉን ግንዱ በቀጠነና በወፈረበት ለይታችሁ ቁጠሩ፤ «ባህር ዛፍ፣ 1 ቦታ» ተብሎ የተሞላ ቅጽ ችግኙንና ለማገር የደረሰውን አንድ ያደርጋል። ጌሾና ጓሮ አትክልት ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። ቅጹ በእርሳስ ከተሞላ አትፈርሙ። ካልተስማማችሁ ልዩነቱን ጽፋችሁ ፈርሙ፣ ኮፒም ውሰዱ።

የእርሻ መሬት ለዘለቄታው ሲወሰድና ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ከሌለ፣ 1161 የሚያስቀምጠው የመፈናቀያ ካሳ ከመነሳቱ በፊት በነበሩት 3 ዓመታት ከተገኘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ ነው። ስለዚህ የጤፍና የስንዴ ሽያጭ፣ የወተት ማኅበር ደረሰኝ ከአሁኑ ይሰብሰብ።

ቅሬታና ይግባኝ

መንገዱ ቅሬታ ሰሚ አካል፣ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዚያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ በአዲስ አበባ የፌዴራሉ፣ በሸገር የኦሮሚያው። 1161 ለየደረጃው 30 ቀን ቢሰጥም ወሩን አትጠብቁ፣ ደብዳቤው በደረሰ ሳምንት ውስጥ አስገቡ። የደረሳችሁን ቀን ፖስታው ላይ ጻፉበት። ይግባኝ ስለጠየቃችሁ ብቻ ቡልዶዘሩ ይቆማል ብላችሁ አትቁጠሩ፤ የእግድ ጥያቄ ለብቻው ይቅረብ።

ሰላማዊ ሰልፍ ከታሰበ አዋጅ ቁጥር 3/1983 ከ48 ሰዓት በፊት የጽሑፍ ማሳወቂያ ይጠይቃል። ዓላማው፣ ቦታው፣ መነሻና መድረሻው፣ ሰዓቱ ተዘርዝሮ ይጻፍ፤ ቀሪው ላይ የደረሰበት ሰዓት ጭምር ይፈረምበት፣ 48ቱ የሚቆጠረው ከዚያ ነውና።