12345678987654321 ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ጅማ ውስጥ ተማሪ የሚያስጠና ሰው ይህን ቁጥር ሳያውቀው አይቀርም። ከግራም ከቀኝም ቢነበብ ያው የሆነ፣ ባለ 17 አሃዝ ፓሊንድሮም ነው፤ 111111111 በራሱ ሲባዛ ይገኛል። በወረቀት ሲሠሩት እሺ ይላል። ጣጣው ማሽን ሲገባበት ነው።

ኤክሴል መጨረሻውን 00 አደረገው

ቁጥሩን ጽፋችሁ ኢንተር ስትሉ 12345678987654300 ይሆናል። ሴሉን ብታሰፉትም ለውጥ የለውም፤ ኤክሴል ከ15 አሃዝ በላይ አይዝም፣ የተረፈውን በዜሮ ይተካዋል። ይህን ያላየ ተማሪ «በ100 ይካፈላል» ብሎ ጽፎ ይመጣል። ከመጻፋችሁ በፊት ሴሉን ወደ ቴክስት ቀይሩት። ይህ ግን ለማሳየት ብቻ ነው፤ ለስሌት ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይሻላል፣ ሙሉ ቁጥር አይቆርጥም። ክረምት ላይ መብራት ሲጠፋ ስልክ ላይ የተጫነ ፓይድሮይድ (ፓይተን የሚያሠራ አፕ) ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል።

ፓይተንም ዋሸ

ይህኛው ተንኮለኛ ነው። በፓይተን ማትስ (math) ውስጥ ያለው፣ ስኩዌር ሩት የሚያወጣው ኤስኪውአርቲ (sqrt) ለቁጥራችን 111111111.0 ይሰጣል። ጥሩ። አሁን የመጨረሻዋን 1 በ0 ተኩና ድገሙት፤ ለ12345678987654320ም መልሱ ያው 111111111.0 ነው! በአንዲት ዜሮ ብቻ የሚያልቅ ቁጥር ደግሞ ፍጹም ስኩዌር ሊሆን አይችልም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ትዕዛዙ ቁጥሩን መጀመሪያ ወደ ፍሎት (ባለ ነጥብ ቁጥር) ይለውጠዋል፤ ፍሎት ከ9007199254740992 በላይ ኢተጋማሽ ቁጥር መያዝ ስለማይችል ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ሆነው ይቀራሉ። ከፓይተን 3.8 ጀምሮ ከፊቱ «አይ» የተጨመረበት፣ አይኤስኪውአርቲ (isqrt) የሚባል አለ፤ በሙሉ ቁጥር ብቻ ነው የሚሠራው። የሰጣችሁን መልስ በራሱ አባዙት፤ ካልገጠመ ስኩዌር አይደለም።

አካፋዮቹ 46 ሆኑ

ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ ቆጥራችኋል ማለት ነው። የ111111111 ጥንድ ራሱ ስለሆነ ሁለቴ ተቆጥሯል። ቁጥሩ ሲበተን 3 አራት ጊዜ፣ 37 ሁለት ጊዜ፣ 333667 ሁለት ጊዜ ይገኝበታል፤ ስለዚህ 5 × 3 × 3 = 45።

አስር አንዶች ላይ ተበላሸ

1111111111 በራሱ ሲባዛ 1234567900987654321 ነው፤ ፓሊንድሮም አይደለም። መሀል ላይ አስር አንዶች ተደምረው 10 ስለሚሆኑ 1 በእጅ ተይዞ ወደ ግራ ያልፋል። የሚስተካከል ነገር የለውም።

ባለ 10 አሃዝ ፓሊንድሮም ፕራይም ጠፋ

ፕራይም (ከ1 እና ከራሱ በቀር በሌላ የማይካፈል ቁጥር) የሚፈልገውን ኮዳችሁን አትንኩት፣ ትክክል ነው። የአሃዙ ብዛት ተጋማሽ የሆነ ፓሊንድሮም ሁሉ በ11 ይካፈላል፤ አንዱን አሃዝ እየደመራችሁ ቀጣዩን እየቀነሳችሁ ብትሄዱ ከሁለቱ ጫፍ ያሉት እኩዮች ተጣፍተው 0 ይቀራል፤ 0 ከቀረ ደግሞ ቁጥሩ በ11 ይካፈላል። 123321ን ብታዩ 11 × 11211 ነው። ከራሱ ከ11 በቀር ፕራይም አይገኝም። ፍለጋውን ወደ ኢተጋማሽ የአሃዝ ብዛት አዙሩት፤ የመጀመሪያው አሃዝም 1፣ 3፣ 7 ወይም 9 ይሁን። ቤልፌጎር ፕራይም የሚባለው ባለ 31 አሃዝ ፓሊንድሮም በዚሁ መስመር ላይ ነው፦ 1፣ ከዚያ 13 ዜሮ፣ 666፣ እንደገና 13 ዜሮ፣ 1።