የብልት ኢምፕላንት፦ ከመፈረምዎ በፊትና ቤት ከገቡ በኋላ

ለስንፈተ ወሲብ የሚደረገው የኢምፕላንት (ብልት ውስጥ የሚተከል መሣሪያ) ቀዶ ጥገና መመለሻ የለውም። ኢምፕላንቱ የሚገባው ደም ሞልቶ ብልትን በሚያቆመው ስፖንጅ መሰል ሥጋ ውስጥ ነው። ሥጋው ስለሚጎዳ ኢምፕላንቱ በኋላ ቢወጣ እንኳ ብልት እንደ ድሮው በራሱ አይቆምም፣ ክኒንም አይረዳውም። ስለዚህ ክኒኑን፣ መርፌውንና የቫኩም መሣሪያውን አስቀድመው በቅጡ ይሞክሩ። ከክኒኖቹ አንዱ ሲልደናፊል (ቪያግራ) ቅባት ከበዛበት ምግብ በኋላ ሲወሰድ ይዘገያል፣ ያለ ወሲባዊ መነቃቃትም አይሠራም። «ሞከርኩት፣ አልሆነልኝም» ከሚሉት መካከል አወሳሰዱን ማስተካከል ብቻ የሚበቃቸው አሉ።

ዋናዎቹ ዓይነቶች ሁለት ናቸው። ታጣፊው ሁለት ዘንግ ነው፤ በእጅ ቀና ይደረጋል፣ ሲያበቃ ወደ ታች ይታጠፋል። ሁልጊዜ ጠጣር ስለሆነ ልብስ ውስጥ መደበቁ ያስቸግራል፤ ነገር ግን ብዙ የሚበላሽ ነገር የለበትም፣ ጣቶቹ ለደከሙበት ሰውም ይመቻል። በፈሳሽ የሚሞላው ደግሞ ሦስት ክፍል አለው፦ ብልት ውስጥ ሁለት ሲሊንደሮች፣ ቆለጥ ከረጢት ውስጥ ፓምፕ፣ ከታችኛው ሆድ ጡንቻ ሥር የጨው ውሃ የያዘ ከረጢት። እጁ ለሚታዘዝለት ሰው ይሄኛው ይሻላል።

ኢምፕላንቱ ብልትን አያስረዝምም። የሚያገኙት ርዝመት የለሰለሰ ብልት ሲለጠጥ ከሚደርስበት ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ሐኪሙ ለክቶ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ፣ የኋላ ቅሬታ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከዚህ ነውና። ጫፉም እንደ ድሮው አይወጠርም። ስሜቱ፣ እርካታውና የዘር ፈሳሹ ግን በአብዛኛው እንደነበሩ ይቆያሉ።

ስኳር ካለብዎ አስቀድመው ያስተካክሉ፤ ማጨስ ያቁሙ። የሽንት ኢንፌክሽን ወይም በአካባቢው ቁስል ካለ ቀኑ ይራዘም። ቤት ውስጥ በምላጭ አይላጩ፤ በትንሿ ጭረት ባክቴሪያ ይገባል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ እንጂ በራስዎ አያቁሙ።

ቀዶ ጥገናው አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው ወሳኞቹ። ብልቱ ወደ እምብርት ቀና ብሎ ጠበቅ ባለ የውስጥ ሱሪ ይደገፍ። በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያድርጉበት፤ በቀጥታ ቆዳ ላይ አያስቀምጡ። ሐኪሙ ሲፈቅድ ፓምፑን በየቀኑ በቀስታ ወደ ታች ይሳቡት። ይህን የተወ ሰው ፓምፑ ወደ ላይ ሸሽቶ ጠባሳ ይይዝበታል፣ ከዚያ በጣት ማግኘቱ ፈተና ይሆናል። ከባድ ነገር ማንሳትና ወሲብ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆዩ።

ሲነፉ በአንድ እጅ ፓምፑ እንዳይሸሽ ያዝ ያድርጉት፤ በሌላው የፓምፑን ለስላሳ ኳስ እስከ መጨረሻው ጨምቀው ይልቀቁ። ተመልሶ እስኪሞላ ይጠብቁ፤ ኳሱ ሳይሞላ ደጋግሞ መጨመቅ ድካም ብቻ ነው። 10 ጊዜ ወይም 20 ጊዜ ሊፈጅ ይችላል። ኳሱ አልጨመቅ ሲል ሲሊንደሩ ሞልቷል፤ አያስገድዱት። ለማፍሰስ ከኳሱ በላይ ያለውን ጠንካራ ክፍል ለጥቂት ሴኮንድ ይጫኑ፤ አንዳንዱ ሞዴል ተጭነው እንደያዙ ብልቱን በመዳፍ መጭመቅ ይፈልጋል። የራስዎን ሞዴል አሠራር ሐኪሙ ፊት እስኪቀልዎ ይለማመዱ።

የሚፈራው ኢንፌክሽን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚተከልላቸው ከ100 ሰው ከ1 እስከ 3 የሚሆኑትን ይይዛል፤ ስኳር ባለበትና በድጋሚ ቀዶ ጥገና ይጨምራል። ባክቴሪያው ኢምፕላንቱ ላይ እንደ ሽፋን ስለሚለጠፍ መድኃኒት አይደርስበትም፤ አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያው መውጣት አለበት። ህመሙ በመቀነስ ፈንታ ከባሰ፣ ትኩሳት ወይም መግል ከመጣ፣ የቆለጥ ከረጢቱ ቆዳ ፓምፑ ላይ ከተጣበቀ በዚያው ቀን ይሂዱ። የብልቱ ጫፍ አካባቢ ቆዳው ከሳሳ ሲሊንደሩ ሊወጣ ነውና እሱም አይታደርበት። ኳሱ ቢጨመቅም ብልቱ ካልጠነከረ ፈሳሹ ፈስሶ ሊሆን ይችላል፤ የጨው ውሃ ስለሆነ ሰውነት ይመጠዋል፣ መሣሪያው ግን መቀየር አለበት። ሳይነፉት በራሱ የሚሞላ ከሆነ የሆድ ውስጡን ከረጢት ጠባሳ እየጨመቀው ይሆናል።

ኢምፕላንቱ ከአባላዘር በሽታ አይከላከልም፣ ኮንዶም ያስፈልጋል። የሽንት ማውጫ ቱቦ (ካቴተር) ከመግባቱ በፊት በፈሳሽ የሚሞላው ኢምፕላንት መፍሰስ አለበት። የመሣሪያውን ካርድ ከኪስዎ አይለዩ፤ የፕሮስቴትም ሆነ የቡአ ቀዶ ጥገና የሚያደርግልዎ ሐኪም፣ ኤምአርአይ የሚያነሳዎም ባለሙያ አስቀድሞ ሊያየው ይገባል።