ገብስ ብርሃንን በምኑ ያያል? ከልጆች ጋር የሚሠራ የጓሮ ሙከራ

ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ብቅል ሲገለጥ ያየውን አይረሳም። ሽፋኑ ሲነሳ ገብሱ ነጭ ጺም አብቅሎ ይገኛል። ለምን አረንጓዴ አልሆነም? ልጆቹ ራሳቸው ይመልሱት።

የሚያስፈልጉት ሦስት ባዶ የቲማቲም ጣሳ፣ የጓሮ አፈር፣ ማሰሮ፣ ክዳን ያለው የጫማ ካርቶን፣ የማስቲካ ብርማ ወረቀት እና አንድ እፍኝ ገብስ ናቸው። ገብሱ ያልተፈተገ ይሁን። እኔ መጀመሪያ ለቆሎ የተፈተገውን ዘርቼ አሥር ቀን ሙሉ አፈር ሳይ ከርሜአለሁ።

ገብሱን ማታ ዘፍዝፉት። ጣሳዎቹን ከታች በሚስማር ብሱ፤ ይሄ የአዋቂ ሥራ ነው። ጠዋት በየጣሳው ሃያ ሃያ ፍሬ ዝሩና ስስ አፈር አልብሱት። ይርጠብ እንጂ አይጨቅይ። ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ በውርጭ ወራት ጣሳዎቹ ቤት ውስጥ ይደሩ። ብርድ ካለ ለመብቀል ይዘገያል፤ ልጆቹን ቀድማችሁ አስጠንቅቁ፣ አለዚያ አፈሩን ቆፍረው ያያሉ።

አንዱን ጣሳ መስኮት ላይ አስቀምጡ። ሁለቱን ማሰሮ ደፍታችሁ ጨለማ ውስጥ ተዉ፤ ከሁለቱ አንዱ ቡቃያው ብቅ እንዳለ ቀድሞ ስለሚወጣ፣ እንዴት እንደሆነ ከታች እነግራችኋለሁ።

ሌላውን ከሳምንት ገደማ በኋላ ማሰሮውን አንሱለት። የጨለማው ገብስ ከመስኮቱ ይረዝማል! ልጆቹ «ጨለማ ይሻለዋል» ማለታቸው አይቀርም። ጠጋ ብለው ይዩት፤ ቀጭንና ገርጣ ያለ ቢጫ ነው። ፍሬው የያዘውን ስንቅ እየበላ ብርሃን ፍለጋ ይሮጣል። ስንቁ ካለቀ ይሞታል። አረንጓዴው ቀለም ያለ ብርሃን አይሠራም። ይህን የጨለማውን ጣሳ ወደ መስኮቱ አውጡት፤ በአንድ ሁለት ቀን ቀለሙ ይለወጣል።

እኔ የምወደው ግን ሦስተኛውን ጣሳ ነው። ይሄኛውን ቡቃያው የጥፍር ያህል ብቅ እንዳለ፣ ቅጠሉ ሳይፈነዳ ከማሰሮው አውጡት። ለአምስቱ ቡቃያ ጫፍ ከማስቲካው ወረቀት ትንሽ ቆብ ጠቅልላችሁ ድፉለት። እጅ ይፈትናል፤ ሁለት ሦስቱ መሰበራቸው የማይቀር ነው። ከዚያ ካርቶኑን በአንድ ጎኑ የአንድ ብር ሳንቲም ያህል ብሱት፣ ጣሳውን አስገብታችሁ ክደኑና ቀዳዳውን ወደ መስኮት አዙሩት።

በማግስቱ ክፈቱ። ቆብ የሌላቸው ጠዋት ፀሐይ እንደሚሞቁ ሽማግሌዎች ወደ ቀዳዳው ዞረዋል። ቆብ የለበሱት ቀጥ ብለው ቆመዋል። ቻርልስ ዳርዊን ከልጁ ከፍራንሲስ ጋር ይህንኑ ሞክሮ በ1880 (እ.ኤ.አ.) አሳትሞታል፤ ብርሃኑን የሚያየው ጫፉ ነው፣ የሚጎብጠው ግን ከጫፉ በታች ያለው ነው። ጫፉ የሚልከው ኦክሲን የሚባል ንጥረ ነገር በጥላው በኩል ይበዛል። ያ ጎን ፈጥኖ ሲረዝም ቡቃያው ወደ ብርሃኑ ይታጠፋል።

ሲያበቃ ቡቃያውን ለዶሮ ስጧት። የየትኛው ጣሳ እንደሆነ አትጠይቅም።