ሰኞ እጀምራለሁ ለምንል ሰዎች

በየዓመቱ ጳጉሜ ላይ እቅድ አወጣለሁ። አዲስ ደብተር፣ ሦስት ቀለም እስክሪብቶ፣ 11 ሰዓት ሌሊት መነሳት፣ ሩጫ፣ እንግሊዝኛ፣ በቀን 30 ገጽ ማንበብ፣ ሁሉም ከመስከረም 1 ጀምሮ አንድ ላይ፣ ከዛ መስቀል ሳይደርስ ደብተሩ የእህቴ ልጅ የሒሳብ መለማመጃ ሆኖ ቁጭ። አንዴማ ጂም የ3 ወር ከፍዬ የሄድኩት 4 ቀን ነው።

እኔ በቃ ዲሲፕሊን ሚባል አልፈጠረብኝም ብዬ ደምድሜ ነበር። ከዛ እናቴን አየኋት። ሁዳዴን 55 ቀን ስትጾም አንድም ቀን "ዛሬ ሙድ የለኝም" ስትል ሰምቻት አላውቅም፣ ፊት ለፊታችን ያሉት ጎረቤታችንም ረመዳን ላይ እንደዛው ናቸው። እምነቱ እንዳለ ሆኖ ሌላም ነገር አለው፦ ቀኑ ቀድሞ ተወስኗል፣ ጠዋት ተነስታ ልጹም ወይስ አልጹም ብላ ከራሷ ጋር አትከራከርም፣ ፍሪጅ ውስጥም ሥጋ የለም። እኛ ግን በየቀኑ ከራሳችን ጋር ድርድር እንቀመጣለን፣ በድርድር ደሞ ሁሌም ሚያሸንፈው ብርድ ልብሱ ነው፣ ሐምሌ ላይማ ተዉት።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ምረጡና ለሰው ብታወሩት እስኪያሳፍር ድረስ አሳንሱት። እኔ 30 ገጹን ትቼ 2 ገጽ አደረግኩት። ከዛ ድሮም ከምታደርጉት ነገር ጋር እሰሩት። የኔ ጀበና ነው፦ ማታ መጽሐፉን ረከቦቱ ላይ ከሲኒዎቹ ጎን አስቀምጬ እተኛለሁ፣ ጠዋት ጀበናውን ጥጄ እስኪንተከተክ አነባለሁ፣ ሊገነፍል ሲል አቆማለሁ (ሁለቴ ታሪኩ ይዞኝ ምድጃው ላይ ገንፍሎ ተሰድቤያለሁ፣ ገጽ 41 ላይ እስካሁን የቡና ምልክት አለ)። ስልኩ ሳሎን ነው ሚያድረው፣ ትራስ ስር ካደረ ጨዋታው አበቃ፣ ቲክቶክ ከጀበና ይቀድማል።

ፒተር ጎልዊትዘር የሚባል የሥነ ልቦና ምሁር በ1999 እ.ኤ.አ. የጻፈው ነገር አለ፣ ባጭሩ "እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ" ብሎ ቀድሞ የወሰነ ሰው ዝም ብሎ "አደርጋለሁ" ካለው ይልቅ የመፈጸም ዕድሉ ከፍ ይላል ነው። እና "ስፖርት እሠራለሁ" አትበሉ። "ከሥራ ስመለስ 4 ኪሎ ላይ ከታክሲ ወርጄ ፒያሳ ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ከዘነበ ደሞ ቤት 10 ፑሽአፕ" በሉ። ኮሪደሩ ከተሠራ ወዲህ እግረኛ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ጭቃውን ሰበብ ማድረግም ቀርቷል።

ልማድ እስኪሆን ስንት ቀን ይፈጃል ለምትሉ፣ 21 ቀን ሚባለውን እርሱት። በ2009 እ.ኤ.አ. ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያሉ ተመራማሪዎች 96 ሰዎችን ተከታትለው ባወጡት ጥናት ነገሩ ሳያስቡት ሚደረግ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ነው የወጣው፣ ያውም ከሰው ሰው ከ18 እስከ 254 ይለያያል። ደስ ያለኝ ግን ሌላው ውጤት ነው፣ አንድ ቀን መዝለል ያን ያህል አያበላሽም ይላሉ። እኔን ሲገድለኝ የኖረው ይሄው ነበር፣ ማክሰኞ ካመለጠኝ "በቃ ተበላሸ፣ ሰኞ እንደ አዲስ" እል ነበር። አሁን ካመለጠኝ በነጋታው አንድ ገጽም ብትሆን አነባለሁ፣ ሁለት ቀን በተከታታይ ግን አልዘልም።

ለብቻ ሚከብዳችሁ ከሆነ ዕቁብ አድርጉት። ለብቻህ ቆጥብ ሲሉት ሦስት ወር ማይዘልቅ ሰው ዕቁብ ሲገባ አንድ ሳምንት አያሳልፍም፣ ምክንያቱም ዳኛው ይደውላል፣ ሰው ይጠብቀዋል። እኛ ሦስት ጓደኛሞች ነን፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ቴሌግራም ላይ "ተሠራ" ብሎ መጻፍ ነው፣ ያልጻፈ 20 ብር፣ ቅዳሜ በተጠራቀመው ማኪያቶ እንጠጣለን። መጀመሪያ ወር ላይ ማኪያቶውን ሁሉ የጋበዝኩት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል።

መጨመር የጀመርኩት ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ነው፣ አሁን 10 ገጽ ደርሻለሁ። እንግሊዝኛው ለሚቀጥለው ክረምት ተላልፏል። 11 ሰዓት መነሳቱን ግን ትቼዋለሁ፣ እሱ ለኔ አልተፈጠረም።